ለጭብጨባ የቀረበ ውዳሴ

ለሕክምናው ዓለም ከተበረከቱ ብልሃቶች ሁሉ ጭብጨባን የሚስተካከል አልተገኘም። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ጨረታ አይወጣበትም፤ የመጠቀሚያ ጊዜው አያልፍበትም፤ የጎንዮሽ ጉዳት ቢኖረው እንኳ የሚደርሰው በአጨብጫቢው ላይ አይደለም። በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የዓለም የነርሶች ቀን ሲከበር፣ የተቋሙ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥተው «ያለ እናንተ ይህ ሕንፃ ባዶ ነው» ሲሉና አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ ከአዳራሹ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ነርስ የ12 ታካሚዎችን መድኃኒት ብቻዋን እያደለች መሆኗ የበዓሉን ድምቀት አይቀንሰውም። እንዲያውም እርሷ ወርዳ ከታዳሚው ብትቀላቀል የሚጨበጨብለት ሥራ ይቆማልና፣ የበዓሉ ድምቀት የሚጠበቀው እርሷ ባለመገኘቷ ነው።

እ.ኤ.አ. 2020ን የዓለም ጤና ድርጅት የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች እንዳሉና 5.9 ሚሊዮን ያህል እንደሚጎድሉ አስታወቀ፤ የኮሮና ወረርሽኝም ለመስፋፋት ያንኑ ዓመት መረጠ። በብዙ አገሮች ሕዝቡ የሰጠው ምላሽ ፈጣን ነበር፤ ማታ ማታ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ አጨበጨበ። የጎደለን ሰው በድምፅ ለመሙላት ይህን ያህል ሰፊ ጥረት ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

ከሰው ይልቅ ጭብጨባን መምረጣችን ምን ያህል የሠመረ እንደሆነ ለመረዳት የዘመናዊ ነርስነት መሥራች ከምትባለው ከፍሎረንስ ናይቲንጌል የወረስነውን ማየት ይበቃል። በክራይሚያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል የሄደችው ይህች ሴት ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ትዘዋወር ነበር። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ ስትመለስ የሟቾችን ቁጥር ይዛ ተቀመጠች፤ ወታደሮቹን ከጥይት ይልቅ መከላከል የሚቻል በሽታ እንደጨረሳቸው በሥዕላዊ መግለጫ አሳይታ መንግሥትን ሞገተች፤ የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበርም የመጀመሪያዋ ሴት አባል አደረጋት። እኛ ፋኖሱን ወስደን ቁጥሩን ተውንላት። ፋኖስ አርማ ላይ ያምራል፣ በበዓል ኬክ ላይም ይሣላል፤ የሟቾች ሠንጠረዥ ግን ኬክ ላይ ቢሣል የክብር እንግዳውን ያስቀይማል።

ከእርሷ በኋላ የመጡት የነርሲንግ ተመራማሪዎች ይህን ጨዋነት አለመማራቸው ያሳዝናል። ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኙ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ230 ሺህ በላይ ታካሚዎች መረጃ መርምረው፣ አንድ ነርስ በምትይዛቸው ታካሚዎች ላይ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር፣ ታካሚው ሆስፒታል በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በ7 በመቶ፣ ነርሷ በሥራ ዝላ የመታከቷ ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ጻፉ። ከ12 ዓመት በኋላ በ9 የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ጥናት ቢደረግ ያው 7 በመቶ ተመልሶ መጣ። ይህን አንብበው እርጋታቸውን ያላጡ ኃላፊዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ተጨማሪ ነርስ ብትቀጠር ስሟም ደመወዟም በየወሩ መክፈያ ሰነዱ ላይ ይታያል፤ እርሷ ባለመቀጠሯ የሞተው ሰው ግን በየትኛውም የሒሳብ መደብ ስለማይመዘገብ ኦዲተር አይጠይቅበትም። ከሁለት ወጪዎች የማይታየውን መምረጥ ደግሞ የቁጠባ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚህም አላበቁም፤ ነርስ ጊዜ ሲያጥራት ምን እንደምትተው ይጠይቁ ጀመር። ቢያትሪስ ካሊሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ጥናትም የተነሣው ይህ ጥያቄ የማይመች መልስ አለው። መርፌና መድኃኒት በሰዓቱ ካልተሰጠ ካርዱ ላይ ክፍት ቦታ ሆኖ ስለሚያጋልጥ እምብዛም አይተውም፤ የሚተወው በሽተኛን ማገላበጥ፣ ደግፎ ማራመድ፣ አፉን ማጠብ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። ይህ ለአስተዳደር እጅግ ምቹ ነው፤ ሪፖርቱ ሙሉ ሆኖ ይቀርባል፣ የአልጋ ቁስሉም የሚወጣው ከቀናት በኋላ በሌላ ተረኛ እጅ ነው።

«ይህ ሁሉ የቁጥሮችን ዝምድና እንጂ የሞቱን መንስኤ አያሳይም» የሚለው መልስ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል፤ ትክክልም ነበር፤ አንድን ትክክለኛ ነገር እንዲህ ደጋግሞ ለተሳሳተ ጉዳይ ማዋል ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ኋላ ግን የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት ነገሩን አበላሸችው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተወሰኑ ሆስፒታሎች ዋርዶች ለአንድ ነርስ የሚመደበውን የታካሚ ቁጥር በሕግ ወሰነች፤ ተመራማሪዎችም ከሕጉ በፊትና በኋላ የነበረውን ሁኔታ ሕጉ ካልደረሰባቸው ሆስፒታሎች ጋር አስተያይተው ውጤቱን በ2021 አሳተሙ። የሞቱ ነገር ይቅርና፣ ታካሚዎች ቶሎ በመውጣታቸውና ደግመው ባለመመለሳቸው የዳነው ገንዘብ ለተጨማሪዎቹ ነርሶች ከወጣው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቁጠባ ነው ያልነው ነገር ብክነት ሊሆን ነው ማለት ነው፤ ጭብጨባ ግን እስካሁን በዚህ ዓይነት ስሌት ተከሶ አያውቅም።

ነርሶች አይጠየቁም የሚል ወቀሳ እንዳይነሣ፣ እንደ እነርሱ በመጠይቅ የታደለ ሙያ መፈለግ አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክርስቲና ማስላክ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሱዛን ጃክሰን ጋር ያሳተመችው የሥራ ዝለት መለኪያ 22 ጥያቄዎች አሉት፤ ከሌሊት ተረኝነት የወጣች ነርስ ዓይኗ እየተከደነ «በሥራዬ የተሟጠጥሁ ሆኖ ይሰማኛል» ለሚለው ሐሳብ ከዜሮ እስከ ስድስት ነጥብ እንድትሰጥ ትጋበዛለች። መልሱ ይሰበሰባል፣ ይደመራል፣ ዝለቷ ከፍተኛ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና ይዘጋጅላታል፤ ሥልጠናው የሚሰጠውም በዕረፍት ቀኗ ነው። የታካሚው ቁጥር ባለበት ይቆይና ነርሷ ትስተካከል የሚለው አካሄድ፣ ጫማው ሲጠብ እግርን መሞረድ ቢመስልም፣ ጫማው በጀት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሳይነካ መገኘቱ ሊካድ አይችልም።

ሁለት ፈረቃ አከታትላ ለሠራችው የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ነርሶች በአንድ ጊዜ 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ሲሠሩ ስህተት የመፈጸማቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚደርስ አሳይቷል። ሌሎች ሙያዎች ለአደጋ ተጋላጭነት ቅጣት ሲጥሉ እኛ በፍሬም ከትተን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።

የቤት አስታማሚዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ለእነርሱ አዳራሽ እንኳ አያስፈልግም፣ «እግዜር ይስጥሽ» ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የትዳር ጓደኛቸውን ሲያስታምሙ ጫና የሚሰማቸው አረጋውያን በ4 ዓመት ውስጥ የመሞታቸው ዕድል ከማያስታምሙት በ63 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1995፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ ሴቶች ክንዳቸው ላይ ለጥናት ሲባል የተደረገው ትንሽ ቁስል ለመዳን ከሌሎች 9 ቀን ያህል ዘግይቷል። የቤተሰብ ፍቅር ነው ተብሎ ስለታለፈ ግን ለዚህ ቅጽ አልተዘጋጀለትም።

እስካሁን በጭብጨባ ላይ የተሟላ ሙከራ አለመደረጉ የሚያስቆጭ ስለሆነ አንድ የጥናት ሐሳብ ላቅርብ። ዋርዶች በዕጣ ለሁለት ይከፈሉ፤ ለግማሾቹ በየፈረቃው አንድ ተጨማሪ ነርስ ትመደብ፣ ለቀሪዎቹ በየፈረቃው መጀመሪያ የምስጋና ንግግር ይደረግ፤ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ይቆጠሩ። እርግጥ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሁለተኛውን ቡድን አይቶ ሐሳቡን እንደሚጥለው አውቃለሁ፤ ጥቅሙ የታወቀን ነገር ከሕሙማን ነፍጎ ንግግር መስጠት፣ ያውም የስምምነት ቅጽ ሳያስፈርሙ፣ በምርምር ስም አይፈቀድም። ሆኖም ተመራማሪዎች ተስፋ ሊቆርጡ አይገባም፤ ሁለተኛው ቡድን ፈቃድ ሳይጠየቅበት ከተጀመረ ዓመታት አልፈውታል፣ የሚጎድለው የመጀመሪያው ቡድን ብቻ ነው።