ምርጡን ጠቦት ለቢላ አታስቸኩሉት

ወገኖቼ፣ በተለይ ከመንዝ ወጥታችሁ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን የምትኖሩ፣ ባሕር ማዶም ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አገር ቤት እንደውላለን። «ዘንድሮ በግ አለ?» እንላለን። አለ ካሉን «በሉ ጥሩውን ያዙልኝ» ብለን እንዘጋለን። ይሄ ነገር ይብቃን።

ጥሩ የምንለው የትኛውን እንደሆነ እናውቃለን። ዓመት ሳይሞላው ጀርባው የሞላ፣ ላቱ የሰፋ፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ያደገ ወንድ ጠቦት ነው። ነጋዴውም የሚፈልገው እሱኑ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት በግ እንኳ ሳያጠቃ ተነድቶ ይሄዳል። የሚቀረው ገዥ አይቶ ያለፈው ቀጫጫ ነው። በወል ግጦሹ ላይ ከመንደሩ ሴት በጎች ጋር የሚውለውም፣ የመጪው ዓመት ግልገሎች አባት የሚሆነውም እሱ ነው። አንድ አውራ ሃያ ሠላሳ በግ ያጠቃል። የመንጋው ግማሽ ዘር በማን በኩል እንደሚያልፍ አስቡት። ምርጡን ገብስ ቆልቶ በልቶ ግርዱን የሚዘራ ገበሬ ብናይ ዝም እንል ነበር?

አርቢውን ግን አትውቀሱብኝ። አብዛኛው መንዝ ከፍታው 3000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ ደጋ ነው። ውርጩ ገብሱን ያቃጥለዋል። በልጉ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። እህል ሲከዳ ቤቱን የሚያወጣው በጉ ነው። ማዳበሪያው፣ የልጆች ደብተር፣ ሕክምናው፣ ጨውና በርበሬው ሁሉ ከእሱ ነው። እናት ጸጉሩን ትፈትላለች፤ ፈትሉ ባና ሆኖ ይሸጣል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ዱላ ያነሳል።

አባትየው ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ በረት ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ጋር ያልተነሳችውን በግ ያያል። አገጯ ሥር እብጠት እንዳለ በጣቱ ይዳብሳል፤ የጉበት ትል አንዱ ምልክቱ እሱ ነው። አንገቷን ጠምዝዛ በአንድ ወገን የምትዞር ካየ ደግሞ ፊቱ ይለወጣል። አዙሪት ነው፤ ጭንቅላቷ ውስጥ የገባ ትል የሚያመጣው በሽታ። እንዲህ ከሆነች በኋላ ያው ማረድ ነው። (ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ የታመመችውን በግ ጭንቅላት ለውሻ አትስጡ። ትሉ በውሻው ሆድ አድርጎ ተመልሶ ግጦሹ ላይ ይወርዳል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለእረኞቹ ልጆችም ንገሯቸው።)

እንዲህ ያለ ሰው ዕዳ ሲመጣበት የቱን ይሽጥ? የተሻለ ብር የሚያወጣውን ነዋ። አውራው እንደሚያስፈልገው ጠፍቶት አይደለም። እኛ ግን ዕዳ ላይ ዕዳ እንሆንበታለን። ልጅ ነን፣ የወንድም ልጅ ነን፣ አማች ነን። እምቢ እንደማይለን እያወቅን እንጠይቀዋለን። ገበያ ወጥተን ስንገዛም የባሰ ነው። ሉካንዳ ቤት ለኪሎ ሥጋ የተባለውን ከፍሎ የሚወጣ ሰው፣ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ከመጣ አርቢ ጋር ለመቶ ብር ሲሟገት ማየት በእውነት ያሳፍራል።

መላው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዘር የሚያሻሽሉበት ሥራ ተጀምሯል። ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከልና የአገራችን የግብርና ምርምር ተቋማት አሉበት። ግልገሉ ሲወለድ ይመዘናል፣ ጡት ሲጥል ይመዘናል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። ከዚያ አርቢዎቹ ራሳቸው ቆመው አይተው አውራውን ይመርጣሉ። የተመረጠው አይሸጥም፣ በጋራ ያገለግላል። የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃም ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይዛወራል። ጊዜውን ሲጨርስ ተኮላሽቶ፣ ሰብቶ ይሸጣል። ቦንጋ ላይ ዛሬ አርቢው ጥሩ አውራውን ለዘር ብሎ ለሌላ አካባቢ እስከመሸጥ ደርሷል። መንዝ ላይ ግን ተመዝኖ የተመረጠውን ጠቦት የእኛ የዋዜማ ስልክ ሊያስነዳው ይችላል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሙክት ብሉ። ያገለገለውን፣ የደለበውን። ሥጋውም ጮማውም ይበልጣል፤ ዋጋው ከፍ ቢል ለአርቢው የድካሙ ነው። ጠቦት ካማራችሁም ከተመረጠው በታች ያለውን ውሰዱ፤ ለሰባት ሰው ማዕድ ይበቃል። ለፋሲካ ስትደውሉ መጀመሪያ «አውራ አስቀርታችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዕዳ ስላለብን ልንሸጠው ነው» ካሉ የዋጋውን ያህል ላኩላቸውና በጉ እዚያው ይቆይ።