የአየር ኮምፕሬሰር ቀስ ብሎ ሲሞላ ሞተሩን አትቀይሩ

«ታንኩ ለመሙላት ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ ከወሰደ ሞተሩ ደክሟል» የሚለው ምክር በብዛት ቢነገርም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። የደከመ የኤሌክትሪክ ሞተር ያጉረመርማል፣ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ለመነሳት ይቸገራል ወይም ብሬከር ይጥላል። በተለመደው ፍጥነቱ እየዞረ አሞላሉ ከዘገየ አየሩ የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ታንኩን ሙሉ፣ መውጫውን ዝጉ፣ አጥፉና ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ተመልከቱ። ከወረደ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ቀቡ፤ የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ታንኩ ሲሞላ ሞተሩን ከሚያጠፋው የግፊት ማብሪያ ሥር ፉጨቱ ካላቆመ ግን ተጠርጣሪው አየር ከታንኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ነው።

ጌጁ ካልወረደ አየሩን ወደሚያምቀው ፓምፕ ሂዱ። የአየር ፊልትሮውን ፈትታችሁ ለአፍታ ብቻ አስነሱት፤ ከፈጠነ ፊልትሮው ታፍኗል። አየር በሚስብበት ቀዳዳ በኩል መልሶ ወደ ውጭ የሚተፋ ከሆነ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ያለው ስስ የቫልቭ ምላስ ተሰብሯል ወይም ቆሻሻ ይዞታል፤ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ይህን ነው። በዘይት መተንፈሻው አየር ከበዛ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) አልቋል። ቺንጋ (ሞተሩን ከፓምፑ የሚያገናኝ ቀበቶ) ካለው መንሸራተቱንም እዩ።

«ውኃውን አፍስሱ፣ ይፈጥናል» የሚባለውማ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው! ውኃ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ታንኩ እንዲያውም ቶሎ ይሞላል። ውኃው የሚፈሰው ታንኩ እንዳይዝግ ነው። የግፊት ማብሪያውን ብሎን ማጥበቅም የሚያቆምበትን ግፊት ከፍ ያደርጋል እንጂ አሞላሉን አያፋጥንም፤ አደገኛም ነው። ቴስታታውን ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ የታንኩንም አየር ሙሉ በሙሉ አስወጡ።