በጽሑፍ ላክልኝ

ለወዳጄ ቀጠሯችንን ነገርኩት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና መጨረሻ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በቃ፣ በጽሑፍ ላክልኝ።» ሦስት ነገር እኮ ነው የነገርኩት!

ጽሕፈት ስላልነበረበት ዘመን ሲነሣ «ያኔ ሰው ምን ያውቅ ነበር» የሚለውም ይኸው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 በእንግሊዛዊው አሳሽ በካፒቴን ኩክ መርከብ የተሳፈረው ቱፓያ ፖሊኔዥያዊ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሰው ነበር፤ ሕዝቡ ፊደል አልነበረውም፤ እሱ ግን በውቅያኖሱ ላይ የተበተኑ ከ70 በላይ ደሴቶችን በቃሉ ይዞ ነበር። ወዳጄ አንድ ቀጠሮ ከበደው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ነፍሴ ነው ይሄ ተረት። የወረስኩት ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአያቴ አፍ ነው።

ተረቱን ካነሣሁ አይቀር፣ የድሮ የታሪክ አስተማሪዬም አይቀርልኝም። «ታሪክ የሚጀምረው ከጽሕፈት ነው» አለን። «ከዚያ በፊት የነበሩትስ?» ብለው፣ «እነሱ ቅድመ ታሪክ ናቸው፤ ተቀመጥ!» አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ቂሙ ግን እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው። ሰው በምድር ላይ 300,000 ዓመት ገደማ ሲኖር፣ የጻፈው ባለፉት 5,000 ምናምን ዓመታት ብቻ ነው። ደጃፉን ቤት ብሎ፣ ቤቱን «ቅድመ ቤት» እንደማለት!

ቱርክ ውስጥ ጎቤክሊ ቴፔ የሚባል ስፍራ አለ። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ እያደኑና እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ቁመታቸው እስከ 5 ሜትር ተኩል የሚደርስ የድንጋይ ምሰሶዎች አቆሙበት፤ ቀበሮና ጊንጥ ቀረጹባቸው። ቃለ ጉባኤ የለ፣ የደብዳቤ ቁጥር የለ፣ «በአባሪነት ተያይዟል» የለ። እኛ ቃለ ጉባኤው ሞልቶናል፤ የሚቆመው ነገር ነው የጠፋው።

ደግሞ ጽሕፈት ሲመጣ ግጥም ይዞ የመጣ አይምሰላችሁ። በሜሶጶጣሚያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ በጥንቷ የኡሩክ ከተማ የተገኙት የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ጽሑፎች በብዛት ሒሳብ ናቸው፤ ይህን ያህል ገብስ፣ ይህን ያህል ቢራ፣ ይህን ያህል በግ። በእኔ ቤት የጽሕፈት እናቱ አለመተማመን ናት። ቆየት ብሎ፣ ከ3,700 ዓመት በፊት ገደማ፣ ናኒ የሚባል ደንበኛ ኤአ ናሲር ለተባለ ነጋዴ «የማይረባ መዳብ ሰጠኸኝ» ብሎ ሸክላ ሙሉ ምሬት ጻፈለት። ምሬቱ ዛሬ በብሪትሽ ሙዚየም ይገኛል። ይወረሳል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ወዳጄስ? ላክሁለታ፣ ምን ላድርግ! አሁን ወደዚያው ለመውጣት እየተሰናዳሁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ነበር ያልኩት ወይስ አሥር? ቆይ፣ ስልኬን ልየው።