ማስተካከያ፦ ስለ ስኪዞፍሬኒያ በተሰራጨው ጽሑፍ ላይ

ሰሞኑን ብዙዎች የተጋሩት ጽሑፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ ባካሄደው ጥናት የስኪዞፍሬኒያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ሕሙማን ያለ መድኃኒት፣ በቤተሰብ እንክብካቤ ብቻ ከምዕራባውያን በተሻለ እንደሚድኑ መረጋገጡን ይገልጻል። መረጃው ትክክል አይደለም። ድርጅቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዘጠኝ አገሮች የጀመረው ጥናት ናይጄሪያን፣ ሕንድንና ኮሎምቢያን እንጂ ኢትዮጵያን አላካተተም፤ ተሳታፊዎቹም ወደ ሕክምና ማዕከላት የመጡ ሕሙማን ነበሩ።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በሳይንሳዊ መጽሔት የታተመው የቡታጅራ ጥናት ሲሆን፣ ከ68,378 ጎልማሶች መካከል የተለዩና አብዛኞቹ ቀድሞ ሕክምና ያላገኙ 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን በአማካይ ለ3.4 ዓመት ተከታትሏል። ከእነዚህ 30.8 በመቶው ሕመሙ ሳይለቃቸው ቆይተዋል፤ ከሞላ ጎደል ያለማቋረጥ ከምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆነው የዘለቁት 5.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ይህም ከተሰራጨው ተስፋ በእጅጉ የራቀ ነው።

የቤተሰብ ድጋፍ እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም መድኃኒትን እንደሚተካ ከሁለቱም ጥናቶች መደምደም አይቻልም። ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምናም ቢሆን በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በዋናነት የሚመከረው ከመድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አምኖ መድኃኒት ያቋረጠ ወይም ያስቋረጠ ሰው ሳይዘገይ ሐኪሙን ያማክር።