ላም አለን በደጃችን

የሱሉልታ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፣ ዱቤ ያለባችሁም የሌለባችሁም፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ባለሱቅ ደንበኛውን ሲቆጣ አልተለመደም፤ አውቃለሁ። ግን የምትበሉትን በየቀኑ በእጄ የማቀብላችሁ እኔ ነኝ። ከነፍስ አባታችሁ ቀጥሎ ገመናችሁን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ማን ቤት ስኳር ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ማን ቤት ዘይት በሩብ ሊትር እንደሚገዛ፣ የማን ልጅ ቁርሱን በብስኩት እንደሚያልፍ ደብተሬ ላይ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሱቄ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ክርክር ተነሳ። አንዱ፣ “እርጎን የመሰለ የለም፣ አጥንት ይጠግናል” ይላል። ሌላው፣ “ኧረ ፍራፍሬ ነው እንጂ፣ ቫይታሚኑ የት ሄዶ!” እያለ ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት ተሟገቱና ዳኛ አድርገው እኔን ጠሩኝ። ፍርዱን ሳልሰጥ ለእርጎ የተሟገተው ሰውዬ ለስላሳ ጠጣ፣ ለፍራፍሬ የተሟገተው ደግሞ ብስኩት ገዝቶ ወደ ቤቱ ገባ።

የምቆጣው ለዚህ ነው። የትኛው ይሻላል እያልን የምንከራከረው ሁለቱንም ሳንበላ ነው።

እስቲ በሉ ንገሩኝ፣ ብርቱካን በእጃችሁ ይዛችሁ የሄዳችሁት መቼ ነው? ሆስፒታል ስትሄዱ። አምና አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ተኝተው ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። አልጋቸው ሥር ሙዙ በፌስታል ተደርድሮ ጠቁሯል፣ ብርቱካኑ ተንከባሎ ከጎረቤት አልጋ ደርሷል፣ እሳቸው ደግሞ ምራቃቸውን እንኳን በችግር ነው የሚውጡት። እኔም አላፈርኩም፣ ሌላ 2 ኪሎ ሙዝ ጨመርኩበት። ቀና ብለው አዩኝና፣ “ልጄ፣ ደህና ሳለሁ አንዲት ብርቱካን ያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ይቺን ለመብላት መታመም ነበረብኝ?” አሉኝ። ሳቅን። መሳቁን ስቀናል፣ ከዚያ ወዲህ ግን ብርቱካን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። ፍራፍሬን የበሽተኛ ቀለብ አድርገነዋል። ጤነኛ ልጅ ሙዝ ሲበላ ብናይ “ምን ሆኖ ነው?” ብለን የምንጠይቅ ሰዎች ሆነናል።

ወተቱ ደግሞ የባሰ ነው። እዚህ የምንኖረው ሣር ላይ ነው። ሸገር ከተማ ተብለን የሕንጻ ፕላን ቢሰጠንም፣ ጎህ ሲቀድ ከየጊቢው የሚሰማው የላም ድምፅ ነው። ወተቱ በጀሪካን ሆኖ ሳይነጋ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ይውረድ፣ ገንዘብ ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእሱ ነው። አንዲት እናት አለች፣ ስም አልጠራም፣ 3 የሚታለቡ ላሞች አሏት። የጠዋቱን ለሰብሳቢው፣ የማታውን ለሆቴል ትሰጣለች። ትንሹ ልጇ ብር በመዳፉ ጨብጦ ይመጣና፣ “ጋሼ፣ እንጆሪ ያለባትን ይስጡኝ” ይለኛል። ከፍሪጄ አውጥቼ አንዲት የላስቲክ ኩባያ እርጎ እሰጠዋለሁ። ከእናቱ ላም ወጥታ አዲስ አበባን ዞራ፣ ስኳር ጠጥታ፣ ተቀብታ የተመለሰች ወተት ልትሆን ትችላለች። የጥንቶቹ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ያሉት ቢቸግራቸው ነው። የእኛዋ ላም ግን ደጃችን ቆማለች።

አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ ያቺን ኩባያ ከመብራት ሥር አድርጌ አነበብኳት። ትንንሽ ፊደል ነው፣ መነጽር ያስፈልጋል። 150 ግራም ትላለች። የውስጧ ዝርዝር ሲጀምር ወተት፣ ቀጥሎ ስኳር። በዝርዝር ላይ ፊት የሚጻፈው በብዛት የሚበልጠው ነው፤ ስለዚህ ስኳሩ እንጆሪውን ቀድሞታል ማለት ነው። እንጆሪውንማ ፈልጌ አጣሁት፤ ያለው ማጣፈጫና ቀለም ነው። ጣፋጩ በ100 ግራም 14 ግራም ተብሏል፣ በኩባያዋ 21 ይሆናል። ከዚህ 7 ያህሉ የወተቱ የራሱ ስኳር ነው፣ እሱን እንተወው። የቀረውን 14 ግራም ከኬሻው ቀድቼ በሻይ ማንኪያ ብሰፍረው 3 ማንኪያ ተኩል ሆነ። ሳህን ላይ ክምር ብሎ ሳየው ደነገጥኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳን የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። ልጁ ደግሞ ገና ሻዩን ይጠጣል።

በሉ አሁን ወደ ክርክራችሁ ልመለስ፣ ዳኛ አድርጋችሁኝ የለ። ስኳር ያልገባበት እርጎ በ100 ግራም ወደ 3 ግራም ተኩል ፕሮቲንና 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም ገደማ አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ብትጠጡ ለአዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲሶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ደም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ12ም አለበት፤ ይሄ በፍራፍሬ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ደግሞ እርጎ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይስማማዋል፤ የወተቱን ስኳር የሚያረጉት ተሕዋስያን ቀድመው ስለሚበሉለት ነው።

አጥንት ይጠግናል ብለህ ለእርጎ የተከራከርከው፣ የረታህ መስሎህ እንዳትስቅ። በዚያው እርጎ ውስጥ ቫይታሚን ሲ ከምንም አይቆጠርም። አሰር የሚባለው፣ አንጀት የሚያላላው ነገር ጨርሶ የለበትም። ያ ያለው ፍራፍሬው ጋ ነው። አንድ ብርቱካን የቀኑን ቫይታሚን ሲ ሊሞላ ይደርሳል። ወድቆ ዶሮ የሚጫወትበት ዘይቱን፣ ጓቫ የሚባለው፣ ከብርቱካን 4 እጥፍ ይበልጣል፤ እኛ ግን ብርቱካኑን እንጂ ዘይቱኑን ከቁም ነገር አንቆጥረውም። ማንጎና ፓፓያ ለዓይን ናቸው። አቮካዶ አሰሩም ጥሩ ስቡም አለው። ሙዝ ፖታሲየም አለው፣ ካልሲየሙ ግን በ100 ግራም 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ልጄን በሙዝ ብቻ አጥንት አወጣዋለሁ ያለች እናት ተሳስታለች። እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይይዝም፣ ሁለታችሁም ለስላሳውንና ብስኩቱን ተዉ።

አንድ ነገር ላክልበት። ምስርና ሽሮ ውስጥ ያለው ብረት በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲኖር ነው። ስለዚህ ያቺን ብርቱካን ለበሽተኛ ከምታስቀምጡ ከምሳ ጋር ላጧት። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ያግዱታል። ቡናችሁን አልነካም፣ ማን ደፍሮ! ከምግቡ 1 ሰዓት አርቁት ነው የምለው።

“ጾም ነው” የምትሉኝን ሰማሁ። ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት፤ ተደምሮ የዓመቱ ግማሽ ያህል ነው። እርጎዬ በጾም ፍሪጅ ውስጥ ይከርማል፣ ከእኔ የሚያውቀው የለም። እንግዲያው በእነዚያ ቀናት ምን ትበላላችሁ ብዬ ደብተሬን ባይ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይት። ጾም የሚከለክለው ወተቱን ነው፤ ሙዝን የከለከለ ካህን አላየሁም። ካልሲየሙንም በጾም ከጤፉ፣ ከጎመኑና ከሰሊጡ መፈለግ ነው። የእስልምና ተከታይ ጎረቤቶቻችን በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ተምር ይቀምሳሉ፤ ከፍቱር ጋር ፍራፍሬ ማቅረብ ያውቁበታል፣ ከረመዳን በኋላ ግን እነሱም እንደኛው ናቸው።

ጭማቂ ቤት እንጠጣለን የምትሉም አላችሁ። ስፕሪስ መልኩ ያምራል፣ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ። ግን ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ “ስኳር ይጨመር?” ስትል “በደንብ አርጊበት” የሚለው ማነው? አቮካዶው ምን በደለ?

ዋጋ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ኑሮ ጣራ ነክቷል፣ እኔም የምሸጠው በማፈር ነው። በየቀኑ የዓለም ጤና ድርጅት ያለውን 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ግዙ ብዬ አልገፋችሁም፤ ቢሆንም ጎመኑም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል፣ የማይቆጠሩት ድንችና እንደ ስኳር ድንች ያሉ ሥራ ሥሮች ናቸው። በዚያች በባለ እንጆሪዋ ኩባያ ዋጋ ግን ከሱቄ በር ላይ ካለው የሙዝ ጋሪ ለ2 ልጅ የሚሆን ትገዛላችሁ። ሙዙ ከአርባ ምንጭ ድረስ ተጭኖ መጥቶ ነው እንዲህ የሚረክሰው፤ የእኛ ወተት ከአጥራችን ወጥቶ ይወደድብናል። የሌማት ትሩፋት ተብሎ ስለ ወተትና እንቁላል የተነገረው መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው እዚያው በሙዙ አገር፣ በአርባ ምንጭ መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።

ወተት የምትሸጡ እናቶች፣ ሁሉንም አትሽጡ። ከጠዋቱ አንዲት ብርጭቆ፣ ለልጁ። ጥሬውን ግን አትስጡት። “ጥሬው ጉልበት ይሰጣል” የሚለውን ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ትኩሳቱ የሚመላለስ፣ ወገብና መገጣጠሚያ የሚያደቅ በሽታና የላም ነቀርሳ የሚመጡት በዚያው ጥሬ ወተት ነው። ወተቱ መርጋቱ ብቻውን የበሽታዎቹን ተሕዋስያን አይገድልም። አፍሉት። ከዚያ ጣት ነክራችሁ እስከ 10 ስትቆጥሩ እስኪያስችል አቀዝቅዙት። በ1 ሊትር 2 ማንኪያ እርጎ እርሾ ጨምሩ፣ በወይራ በታጠነ ማሰሮ ገልብጡት፣ የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁና በጋቢ ጠቅልላችሁ ከምድጃው አጠገብ አሳድሩት። ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ። የወይራው ሽታ እንደሆነ አያቶቻችንን የሚያስታውስ ነው፣ እንጆሪም ስኳርም አይፈልግም። ስኳር የለመደ ልጅ ግን የመጀመሪያ ቀን ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሙዝ ቆርጣችሁ ጣል አድርጉበት።

እርሾው ግን ካልፈላ ወተት ከረጋ እርጎ አይሁን፣ በሽታውን መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ። ለመጀመሪያው ቀን ስኳር የሌለባትን፣ ነጯን ኩባያ ከእኔው ግዙ። ማንም አይጠይቃትም፣ ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ 4 ቀርታለች። ማክሰኞ ጊዜዋ ያልፋል።