ጩኸታሞቹ ጾመኞች

ሃርድኮር የሚባለውን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ይኼ ደግሞ ሙዚቃ ተብሎ ነው?» ጊታሩ ይሻክራል። ድራሙ ይጋልባል። ድምፃዊው ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም። ከሄቪ ሜታል ጋር የተዳቀለው ዓይነትማ ጭራሽ ይብሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ «የሰይጣን ሙዚቃ» የሚል ነው። ደሴ ውስጥ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ጊታር ያነገተ ልጅ ይቺን ስም ለማግኘት ከሰፈሩ መውጣት አያስፈልገውም።

እኔ ግን የወሎን የሙዚቃ ሕይወት አንቆ የያዘው ጩኸት ነው ብዬ አላምንም። የያዘው ቢራ ነው። ለዚህ መድኃኒቱን ደግሞ እነዚሁ ጩኸታሞች ዘንድ አግኝቼዋለሁ። ድምፃቸውን መውደድ ግዴታ አይደለም። አኗኗራቸውን ግን ጠጋ ብሎ ማየት አይከፋም።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ባንድ የመሠረቱት ልጆች ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ሙዚቃ የሚቀርበው መጠጥ በሚሸጥበት ክለብ ነው። ልጆቹ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ በር ላይ ይመለሳሉ። ቲን አይድልስ የሚባለው ባንድ በ1980 ወደ ሳንፍራንሲስኮ ሲሄድ አንድ ክለብ ዘዴ አበጀላቸው። እጃቸው ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ ኤክስ ተሳለባቸው። ኤክስ ያለበት ሰው ይገባል፣ ያያል፣ መጠጥ ግን አይሸጥለትም። ልጆቹ ዘዴውን ይዘው ዋሽንግተን ተመለሱና የከተማቸውን ክለቦች በዚሁ አግባቡ።

ከዚያ ባንድ የወጣው ኢያን ማካይ ማይነር ትሬት የሚባል ሌላ ባንድ አቋቋመ። በ1981 ባወጡት፣ አንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ዘፈን ለሐሳባቸው «ስትሬት ኤጅ» የሚል ስም ሰጡት። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ዕፅ አልወስድም ማለት ነው። ለመከልከል የተሳለው ኤክስ የኩራት ምልክት ሆነ። ዕድሜያቸው ከደረሰ በኋላም እየሳሉት ወጡ።

በዚያው ከተማ ባድ ብሬንስ የሚባሉ ጥቁር ልጆች ነበሩ። ጃዝ ሲሞክሩ ቆይተው ወደዚህ ፈጣን ሙዚቃ ዞሩ። ራስ ተፈሪያን ሆኑ፤ ከጩኸቱ መሀል ሬጌ ያስገባሉ። የ1982 አልበማቸው መጀመሪያ የወጣው በካሴት ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ መብረቅ ሲመታው ይታያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የኛን ባንዲራ ቀለም የያዘ ካሴት የሃርድኮር መሠረት ሆኖ ሲቆጠር፣ ነገሩን ከኛ ጋር ምንም የማያገናኘው የፈረንጅ እብደት ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ወደ ሜታሉ የዞሩት በኋላ መጡ። ኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ከተማ በ1989 የተመሠረተው ኧርዝ ክራይሲስ ሁለቱን አጋብቶ ከሚታወቁት አንዱ ነው። እነሱ ከመጠጥና ከሲጋራ አልፈው ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ አንበላም አሉ።

ይህን ለእናቴ ያስረዳው የእህቴ ልጅ ነው። ስልኩን ከፍቶ ሲያሰማት መጀመሪያ ደነገጠች። «ይኼ ልጅ ማን ሞቶበት ነው?» አለች። «አልቃሽ አይደለም እማ፣ ዘፋኝ ነው። ሥጋ እንኳ አይበሉም።» «ወተትስ?» «እሱንም።» «እንቁላልስ?» «አይነኩም። አይጠጡም፣ አያጨሱም።» «ጾመኞች ናቸው በለኛ! መቼ ነው የሚፈቱት?» «አይፈቱም።» እናቴ ከልቧ አዘነችላቸው። «ታዲያ ቢጮኹ ይፈረድባቸዋል?»

ሳቅን እንጂ ነገሩን ከሁላችንም ቀድማ የገባት እሷ ነች። ሁዳዴንና ረመዳንን አንድ ግቢ ውስጥ ሲጾሙ ያየ የወሎ ሰው፣ ሆዱንና አፉን የሚገዛ ሰው አይገርመውም። የሚገርመው ይህን የሚያደርገው ዘፋኝ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ሙዚቀኛና መጠጥ ተለያይተው አይታሰቡማ።

እስቲ አስቡት። አንድ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ኪቦርድ ወይም ጊታር ቢለምድ የት ይጫወታል? ሠርግ ላይ ወይም ጭፈራ ቤት። ከዚያ ከፍ ካለ ድርጅት በሚደግፈው የበዓል ዝግጅት ላይ፣ ያውም የታዋቂ ሰው ዘፈን እየደገመ። ጭፈራ ቤቱ የሚከፍለው በተሸጠው መጠጥ ነው። ስለዚህ የሚያስጠጣ ሙዚቃ ይፈለጋል። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ነገር ለቤቱ ኪሳራ ነው። ልጁ ራሱ የደረሰው ዘፈን ቢኖረው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሞቅ ሲለው፣ ማንም ሳይሰማው ያልፋል። ሥራው በሌሊት ስለሆነ ቀን መቃም ይመጣል፣ ከቃሙ በኋላ ጨብሲ ይመጣል። በሃያዎቹ ዕድሜ ድምፁ የዛገ ስንት ልጅ አለ።

አድማጩም የተመረጠ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሙዚቃው መጠጥ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ የ17 ዓመቷ የወይዘሮ ስህን ተማሪ፣ የማይጠጣው ሙስሊም ወጣት፣ በጊዜ ቤቷ መግባት ያለባት ልጅ ሁሉ ከበር ውጪ ናቸው። የዋሽንግተን ልጆች ችግር ቁልጭ ብሎ ደሴ ላይ ማለት ነው። የኛዎቹ ገና ኤክሱን አልሳሉም እንጂ።

ድሮስ? ድሮም ሁሉ ነገር ማር አልነበረም። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያወጣው ወሎ ላሊበላ ኪነት በመንግሥት እጅ ነበር፤ መፈክሩም አልቀረለትም። ቢሆንም ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዘፈን ሊሰማ ይሄድ ነበር። ይህ ልማድ ነው የጠፋብን።

አሁን ስለ ባንዱ ኑሮ ላውራ፤ ጣፋጩ እሱ ነውና። አብዛኛው የሃርድኮር ባንድ ከሙዚቃው አይበላም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ አሮጌ ቫን ውስጥ ከነድራሙ ታጭቆ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ዕቃውን ራሱ ይሸከማል። ማታ የሚያድረው ሊሰማው ከመጡት ልጆች በአንዱ ቤት ወለል ላይ ነው። የተገኘው ገንዘብ መጀመሪያ ለነዳጅ ይወጣል፣ የቀረው እንደ ቅርጫ እኩል ይከፈላል። ድምፃዊው ኮከብ ስለሆነ ሻኛውን ልውሰድ አይልም። ማካይና ጓደኞቹ በ1980 ያቋቋሙት ዲስኮርድ የሚባል አሳታሚ እስከ ዛሬ አለ። ከባንዶች ጋር የጽሑፍ ውል አይፈራረምም፤ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ትርፉን ይካፈላል። እንዴት እንደሚተማመኑ እኔንም ይገርመኛል።

ማካይ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ፉጋዚ የሚባለው ባንድ የመግቢያ ዋጋውን 5 ዶላር አካባቢ አድርጎ ለዓመታት አልጨመረም። ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ይገባል። በፊታቸው የሚጋፋና የሚደባደብ ሰው ሲያዩ ሙዚቃውን ያቆማሉ። ሰውዬውን ያናግሩታል። እምቢ ካለ 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው ሰጥተው ያስወጡታል። ፖስታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ ነበር! እኛ ጋ ቢሆን በር ላይ በቆመ ጡንቸኛ ተጎትቶ ይወጣ ነበር፤ ገንዘቡም ቀለጠ።

ሌላው የምወድላቸው ነገር መድረክና ሰው አለመለያየታቸው ነው። ድምፃዊው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ይዘረጋል፣ ግጥሙን ሁሉም ይጮኸዋል። ሸህ አባቶች ይቅር ይበሉኝና እኔን ትዝ ያለኝ መንዙማ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው የሁሉም ነው። ዓላማቸው የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ ነው፤ አንዱ ዱዓ ነው። ግን ከዳር ቆሞ ማየት ብቻ እንደማይበቃ የወሎ ሰው ከሃርድኮሮቹ በፊት ያውቀዋል።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር ልበል፣ ጊታር ለያዙት ልጆች። ሜታል የሚወደው የጨለመ ድምፅ ከደጃችን አለ። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝታችን ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። በዶና በሶል ፍላት መሀል ያለው ርቀት በ1970 ብላክ ሳባዝ የሚባሉት ባንድ ሄቪ ሜታልን ሲጀምሩ ጆሮ ያስደነገጡበት ነው። አምባሰልም ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የሚል ኖታ አለው፤ ይህችን ርምጃ የሜታል ጊታሪስቶች አይጠግቧትም። ጃኖ ባንድ በሮክ ጊታር አማርኛ ሲዘፍን ሰምተናል። ቦትስዋና ውስጥ ኦቨርትረስት የሚባል የሜታል ባንድ በጋንዚ ከተማ ዓመታዊ ዝግጅት እያሰናዳ ለተቸገሩ ገቢ ያሰባስባል። የኮምቦልቻ ልጅ በአንቺሆዬ ቢጮህ ምን ይገርማል? በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ያየ ልጅ የሚጮህበት አያጣም። ያንን ሁሉ በትዝታ ብቻ አንወጣውም።

ሁሉንም እንዳለ እንቅዳ ማለቴ አይደለም። እነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ በሽታ ነበረባቸው። በ1990ዎቹ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ አንዳንድ ስትሬት ኤጅ ነን ባዮች የሚያጨስና የሚጠጣ ሰው መደብደብ ጀመሩ። ፖሊስ እንደ ወሮበላ ቡድን ያያቸው ጀመር። ራሳቸውን ለመግዛት ያወጡት ሕግ ሰውን መግረፊያ ሆነ። እዚህ ላይ አስተማሪው ወሎ መሆን ነበረበት። እኛ ለአንድ ሠርግ የእስላም አርደን የክርስቲያን አርደን፣ በአንድ ዳስ አብልተን የምንሸኝ ሰዎች ነን። አንዱ ሲጾም ሌላው አይጾምም፤ «አንተ ለምን በላህ?» ብሎ የሚቀየም የለም። የማይጠጣው የጠጣውን ካልደበደበ ማመኑ የሚጎድልበት አይመስለውም። ይህ ነገር እንኳን ለባንድ፣ ለእኛም በቅርብ ዓመታት እየሳሳብን ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የወሎ ባህል አምባ አዳራሽ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ይሰጥ። ስምንት ሰዓት ይጀመር፣ ለአስር ሶላት ይቁም፣ ሳይመሽ ይለቅ። እናት ልጇን ሳትሰጋ ትልካለች። ቢራ አይሸጥ፤ ሻይና አምባሻ ይበቃል። የሰው ዘፈን መድገም አይፈቀድ፣ ማሲንቆም ይምጣ ጊታርም ይምጣ፣ ብቻ የራስ ሥራ ይሁን። መግቢያው 50 ብር ቢሆንና 300 ሰው ቢመጣ 15 ሺህ ብር ነው። ከድምፅ መሣሪያ ኪራይ የተረፈው ለተጫወቱት እኩል ይከፈል። መጮህ ለሚፈልጉትም ግማሽ ሰዓት ይሰጣቸው። ያልወደደው ወጥቶ ሻዩን ጠጥቶ ይመለስ።

የዕቃ ጫኝና አውራጅ ወጪ አላሰብኩም። ሞንታርቦውን ባንዶቹ ራሳቸው ይሸከሙት።