እስቲ አራግፈው

ባለፈው እሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ብዕሬ ማንጠባጠብ ጀመረ። ርካሽ ነው፤ ቻይና ሠራሽ፣ ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበት። ገና በሶፍት ልጠርገው ስል ከአጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ «አምጣው እስቲ ልጄ» ብለው ከእጄ ላይ መነተፉኝ። አላዩትም፣ አልጠየቁም። ወደ መሬት ሁለቴ አራገፉት። ያሰቡት መሬቱን ነው፤ የተቀበለችው ግን የእትዬ ነጠላ ናት። ጥለቱ ላይ! ቤቱ ሁሉ ዞሮ ማንን ያየ ይመስላችኋል? ጸሐፊውን።

ነጠላዋ ትታጠባለች። እኔን ያናደደኝ ማራገፉ ነው። እኛ ሰፈር አልሠራ ያለ ነገር ይመታል ወይ ይራገፋል። ሪሞት በጥፊ ይባላል። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ይንኳኳል። ብዕር ደግሞ አልጽፍ ካለ ይራገፋል፤ ከልክ በላይ ከጻፈም ይራገፋል። ለተቅማጥም ለድርቀትም አንድ ኪኒን እንደማዘዝ ማለት ነው።

ከማራገፉ ቀጥሎ ምክሩ ወረደ። አንዱ «አጥብቀው» አለ። አንዱ «በአፍህ ንፋው» አለ። እትዬ ራሳቸው ነጠላቸውን እያሹ «ቫዝሊን ብትቀባውስ?» አሉኝ። የዕድሩ ዳኛ «ጣለውና ቢክ ግዛ» ብለው ደመደሙ። ያን ሁሉ ሰው ቆጥሬ «ከየት በኩል ነው የሚያፈሰው?» ያለኝ አንድም አላገኘሁም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ይህን ተረት እወደዋለሁ። የማይገባበት ቦታ የለም። ኩበት ልቀም ተብሎ የተላከ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከብቶቹ የዋሉት ወንዝ ማዶ ነው፤ አንተ ስለሚቀርብህ ብቻ ጓሮ ለጓሮ ትዞራለህ። ቅርጫትህን ባዶውን ይዘህ ስትመለስ እናትህ «ላሞቹ የት ዋሉ?» ይሉሃል እንጂ «እስቲ ቅርጫቱን አራግፈው» አይሉህም። በቀደም ለት ደብረ ማርቆስ አንድ ካፌ ውስጥ ተረቱን ስጠቅስ፣ አብሮኝ የተቀመጠው ልጅ ኩበት ምን እንደሆነ ስልኩ ላይ ይፈልግ ጀመር። እሱም ያው ላም ባልዋለበት መሆኑ ነው።

ወደ ብዕሩ። ነገሩ ሁሉ የአየር ነው። ጠብታ ቀለም ሲወጣ በምትኩ በልኩ አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባው ከብረቱ ጫፍ ሥር በተቀመጠችው፣ ስንጥቅ ስንጥቅ ባላት ጥቁር ፕላስቲክ በኩል ነው። እሷ ናት ሚዛኑን የምትጠብቀው። የኒውዮርኩ የኢንሹራንስ ሻጭ ልዊስ ዋተርማን እንዲህ ዓይነቷን ነገር እ.ኤ.አ. በ1884 በስሙ አስመዝግቧል። አየሩ በሌላ በር ከገባ ሚዛኑ ተበላሸ፤ ቀለሙ የሚይዘው ያጣና ይዘረገፋል። ስለዚህ ብዕር ከፊት ሲያንጠባጥብ በሽታው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ቀለም የምትስበው ትንሽ ቱቦ፣ ኮንቨርተር የሚሏት፣ እስከ መጨረሻው ሳትገባ ቀርታ ይሆናል። ወይም አፏ ተሰንጥቋል። ርካሽ ብዕር ላይ ይህ አፍ ቀጭን ነው፤ «አጥብቀው» የሚሉኝ ሰዎች የሚሰነጥቁትም እሱኑ ነው። ቫዝሊኑም የጎማ ቀለበት ካለው ጎማውን ሊበላው ይችላል። እትዬ ይቅር ይበሉኝ።

ከየት እንደሚያፈስ ማወቅ ደግሞ ይህን ያህል ጥበብ አይጠይቅም። ቀለሙን ድፉት። ብዕሩን እጠቡና ንጹሕ ውኃ ሙሉት። ከውጭ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁትና በሶፍት ጠቅልላችሁ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሶፍቱ የረጠበበትን ቦታ እዩ። ወገቡ ላይ፣ ጥርሱ የሚታሰርበት ከሆነ የሚያፈሰው በመጋጠሚያው በኩል ነው፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያው ያልኩት የአየሩ ጣጣ ነው። ክዳኑ ውስጥ ብቻ ቀለም ካገኛችሁ ደግሞ ምናልባት ብዕሩ ጤነኛ ነው። ባጃጅ ውስጥ የተንገጫገጨው ኪሳችሁ ነው ጥፋተኛው።

የድሮዎቹ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። የጎጃም ቁም ጸሐፊ ሁለት ቀንድ መሬት ላይ ይተክላል፤ አንዱ ጥቁር ቀለም፣ አንዱ ቀይ። መቃውን ቀርጾ እየጠቀሰ ብራናው ላይ ይጽፋል። ቀይዋ ለቅዱሳን ስም ናት። ቀንድ አያፈስም። ዲማ ጊዮርጊስ ገብቶ ከቁም ጸሐፊ እጅ ላይ መቃ ነጥቆ የሚያራግፍ ጎረቤት ይታያችሁ እስቲ! ግዝት አይቀርለትም ነበር።

እኛ ግን ብዕር በደረት ኪስ ይዘን ዓባይን እንሻገራለን። የጎጃም ሰው ብዕር ከሌላው አገር ብዕር የበለጠ መከራ የሚያየው እዚህ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ብዕሩም አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ የውጭው አየር ይሳሳል፤ የውስጡ ይሰፋና ቀለሙን ይገፋዋል። ደጀን ላይ ወርደን ሽሮ ስናዝ ሸሚዛችን ሰማያዊ ነው። ግማሽ የጎደለ ብዕር የባሰ ነው፤ የሚሰፋው አየር ብዙ ነውና። ወይ ጢም አድርጎ መሙላት፣ ወይ ባዶውን መያዝ። ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ላይ።

ስለ መሙላት ካነሳን አንድ የቆየ ቂም አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ አንዱ ሠራተኛ ቀለም አልቆብህ ከሆነ ብሎ ብዕሬን በማኅተም ቀለም ሞላልኝ። በደግነት! የማኅተም ቀለም ቶሎ እንዳይደርቅ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ነገር ነው፤ የጥቁሯን ፕላስቲክ ስንጥቆች ደፍኗቸው ቀረ። እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም። እሱ የረሳው ይመስለኛል፤ እኔ አልረሳሁም። የሥዕል ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ይደርቅና ይደፍናል። ለዚህ ዓይነት ብዕር የተሠራ በውኃ የሚለቅ ቀለም አለ፤ እሱን ብቻ።

አልሞላ ካለ ደግሞ አትጣደፉ። ብዙ ሰው የብረቱን ጫፍ ብቻ ይነክርና ይስባል፤ አየር ነው የሚስበው። ብረቱ በሙሉ መስመጥ አለበት፤ ቀለሙ የሚገባው በሥሩ ነው። ጎማ የሚጨመቅበት ከሆነ፣ እንደ ሂሮ 616 ያለው፣ ጨምቆ መልቀቅና ጎማው ጠጥቶ እስኪጨርስ ሳያወጡ መቆየት ነው። አዲስ ብዕር ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ለብ ባለ ውኃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና ይታጠባል። የፈላ ውኃ ግን አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ሞልቶ እያለ አልጽፍ የሚለውም አለ። ቀለሙ ቱቦዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድ ይላል። እሱን በጥፍር ቀስ አድርጎ ኳ፣ ኳ ማድረግ ይበቃል። ኳ ማድረግ አልኩ እንጂ ማራገፍ አላልኩም!

ከአራጋፊው የባሰው ደግሞ ተዋሹ ነው። ፎርም ሊሞላ መጥቶ እስክሪብቶ የማይዝ ሰው ምን አስቦ ከቤቱ ይወጣል? «አንዴ እስክሪብቶ» ይልሃል። ትሰጠዋለህ። ካርቦን ባለው ደረሰኝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሦስተኛው ቅጠል ድረስ እንዲደርስ ብሎ ይጫነዋል። የብረቱ ጫፍ እንደ መቀስ ይከፈታል። ከዚያ «ይሄማ አይጽፍም» ብሎ ይመልስልሃል። ያውም ክዳኑን እያኘከ።

ይህን ሁሉ ዕድሩ ውስጥ ብናገር ሰሚ የለኝም። የዕድሩ ድንኳን ራሱ ያፈሳል። በየክረምቱ ለቀስተኛው ትከሻ ላይ ነው የሚፈሰው። በየስብሰባው «አዲስ ይገዛ» ይባላል፣ «ገመዱ ይጥበቅ» ይባላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከውስጥ ቆሞ የትኛው ስፌት እንደተፈታ ቀና ብሎ ያየ ሰው ግን የለም። ባለፈው እሑድ ላነሳው ነበር። ተራዬ ሲደርስ የእትዬ ነጠላ ተነሣ። ስለ ገንዘቡ መፍሰስ እንኳ አልናገርም፤ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም፣ ብዕሩ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነበራ።

እና አራጋፊዎች ሆይ፣ ልማዱን መተው ካቃታችሁ ቢያንስ ወደ ገዛ ጋቢያችሁ አራግፉ። ሌላው ይቆየን፤ ነገ በጠዋት ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ እገባለሁ። ብዕሩን አጥቤ ባዶውን ይዤዋለሁ። እዚያ ደግሞ የምሞላው ፎርም አለኝ። ያው አንዱን «አንዴ እስክሪብቶ» እለዋለሁ።